የጸሎት መደብ

ኑ፣ ጠጋ በሉ ልጆቼ። አንቺም ወንበሩን ተይውና እዚህ ምንጣፉ ላይ ቁጭ በይ፤ ድምፄ እንደ ድሮው ሩቅ አይሄድም። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አያታችሁ ስለ ሶርሳ ነው። በሕይወት ሳለ የደረሳችሁበት ሁለታችሁ ትልልቆቹ ብቻ ናችሁ። እናንተም ብትሆኑ የምታስታውሱት ጸሎት ቤት ውስጥ በሩ አጠገብ የሚቀመጥ፣ አንገቱን የደፋ ዝምተኛ ሽማግሌ ነው። አባቴ ዝምተኛ አልነበረም። ጂንካ ውስጥ እንደ እሱ የሚያወራና የሚያስቅ ሰው አልነበረም። ከዚያ ልጀምርላችሁ።

ዘመኑ ሰባ አንድ ነው፤ ደርግ በጸናበት ጊዜ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጂንካ ያኔ መሐሏ ላይ ሰፊ ሣር የተዘረጋባት ትንሽ ከተማ ነበረች፤ ሣሩ የአውሮፕላን ማረፊያ ነው። አውሮፕላን ሊመጣ ሲል ጡሩምባው ይጮሃል፣ ሜዳው ላይ የሚግጡት ላሞች ይባረራሉ፣ ሕዝቡ ሥራውን ጥሎ ለማየት ይሮጣል። አውሮፕላኑ ሲነሣ ላሞቹ ይመለሳሉ። ቤታችን ከሜዳው በላይ፣ የአባቴ እንሰትና ቡና መሐል ነበር።

የእኛ የወንጌል አማኞቹ ጸሎት ቤት ከታሸገ ዓመት ሊሞላው ነው። ቁልፉ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ግድግዳው ላይ፣ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ቢደብቁት ይሻል ነበር። ስኳር ልንቀበል በሄድን ቁጥር እናየዋለን፤ እናቴ ጀርባዋን ሰጥታው ትሰለፋለች።

እሑድ እሑድ ጠዋት ልክ ድሮ ጸሎት በምንገባበት ሰዓት የቀበሌው ስብሰባ አለ። የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል። የሚያስተምረው ጓድ ውባየሁ ነው። ከሰሜን የእርሻ ሠራተኛ ሆኖ መጥቶ ካድሬ የሆነ፣ ፂሙን ያሳደገ፣ ቀጭን ወጣት። እግዚአብሔር የለም ሲል በጆሮዬ ስለሰማሁ ሰይጣን ማለት እሱ ይመስለኝ ነበር። ግራ የሚያጋባኝ የሰይጣን ጫማ መቀደዱ ነበር። ደግሞም ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን ይመጣል፤ እናቴ የቀቀለችውን ጎደሬ እየላጠ ከአባቴ ጋር ሲሳሳቅ ያመሻል። አዳራሽ ውስጥ «ጓድ ሶርሳ» የሚለው ሰው ቤታችን ሲመጣ «ጋሽ ሶርሳ» ይላል። እኔ በልቤ ሁለት ውባየሁ አድርጌ ይዣቸው ነበር፤ አንዱን እፈራዋለሁ፣ ለአንዱ ውኃ አቀርባለሁ።

በስብሰባው ላይ ውባየሁና አባቴ ይከራከራሉ፤ ያን ለማየት ሰው ስሙ እንዳይያዝ ብሎ ሳይሆን ወዶ ይመጣ ነበር። አሁንም ይታየኛል፤ አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፣ ይግላል፣ ላብና የእርጥብ ቡና ሽታ ይሸታል። እኔ ከጎረቤታችን ከእማማ ወለተ ማርያም አጠገብ ነኝ። እሳቸው የነጋዴ ሚስት የነበሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ኦርቶዶክስ ናቸው።

«ጓድ ሶርሳ፣» ይላል ውባየሁ፣ «በቆሎህን የሚያበቅለው ማን ነው?»

«መሬቱ።»

«ጎሽ! ሌላስ?»

«ዝናቡ፣ ፀሐዩ፣ እበቱ። የእኔም ወገብ አለበት።»

«ታዲያ እግዚአብሔርን የት ጋ አስገባኸው?»

«እኔ መቼ አስገባሁ አልኩ? እሱ መጀመሪያም ውስጡ ነው። እኔ የምለው አዝመራው ሲገባ ደስ ይለኛል፣ ማመስገን ያምረኛል። ዝናብን ባመሰግን አይሰማም። አንቺ ማንን ታመሰግኛለሽ?»

አባቴ አፉን የፈታው በአሪኛ ነው፤ አማርኛው ሲቸኩል ወንድና ሴቱን ያደባልቃል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ውባየሁም ሳቁን እየዋጠ፣

«እኔ የማመሰግነው ሠርቶ አደሩን ገበሬ ነው» አለ።

«እሱማ እኔ ነኛ! በይ ተነሺና አመስግኚኛ!»

እማማ ወለተ ማርያም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይንፈቀፈቃሉ። «ይሄ ሰውዬ ዛሬ ካድሬውን ሊያጠምቀው ነው። የእኛ ታቦት ዝም ብሎ ያያል፣ ለእናንተው ግን ሰው ይከራከርለታል» አሉኝ።

አንድ እሑድ ግን ሳቁ ቀረ። ወንድሜ ሻንቆ በወባ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነበር። ውባየሁ ወረቀቱን አጥፎ፣

«ልጅህ ሲያቃስት ሦስት ቀን ጸለይክ። አምላክህ የት ነበር?» አለው።

እናቴ አንገቷን ደፋች። አባቴ ቀና ብሎ፣

«እሱን እኔም እጠይቀዋለሁ» አለ። «በየቀኑ እጠይቀዋለሁ። እስካሁን አልመለሰልኝም። እኔ ግን የምጠይቀው አለኝ። አንተ ሲከፋህ ማንን ትጠይቃለህ?»

ያን ጊዜ ወንድና ሴቱን አላደባለቀም።

ውባየሁ ወረቀቱን ከፈተ፣ አገላበጠ፣ የሚያነበው ጠፋው። እኔ ገጹ የተሳሳተበት መስሎኝ ነበር። የገዛ ታናሽ ወንድሙ ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ላይ ተጥሎ መገኘቱን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያንን ለማንም መናገር አይችልም ነበር፤ እዬዬ ማለት እንኳ ያስጠይቅ ነበር።

ወሬው አውራጃ ደረሰ። «ቀበሌው ውስጥ ሕዝቡ ከጴንጤው ጋር ይስቃል» ተባለ። ከዚያ በኋላ ነው ክርክሩ በወሬ ሳይሆን በተግባር ይለይ የሚል ትእዛዝ የመጣው። ከማረፊያው ሜዳ ዳር ሁለት እኩል መደብ ይለካል። አንድ ዓይነት የበቆሎ ዘር በአንድ ቀን ይዘራል። ሁለቱንም የትምህርት ቤት ልጆች ያርማሉ። አንዱ የሳይንስ መደብ ነው፤ ማዳበሪያና የትል መድኃኒት ያገኛል። ሌላው የጸሎት መደብ ነው፤ ከሶርሳ ጸሎት በቀር አመድም፣ እበትም፣ የአባቴ እጅም አይነካውም። ሐምሌ ላይ ይመዘናል። የጸሎቱ መደብ እኩል ከሰጠ ቁልፉ ይመለሳል። ካነሰ ጸሎት ቤቱ የቀበሌው መጋዘን ይሆናል።

አባቴ እምቢ አለ። «ጌታ አምላክህን አትፈታተነው ተብሎ ተጽፏል። ደግሞ እኔ እጄን ታስሬ ጸልዬ አላውቅም፤ እየቆፈርኩ ነው የምጸልየው» አለ።

በዚያ ሳምንት የጸሎት ቤታችን ማኅበር ሽማግሌዎች እንሰቱ ጓሮ ተሰበሰቡ። መሪያቸው ዶላሞ ነበር፤ ለወንጌል ብዙ የተገረፈ፣ ጀርባው ላይ ሰንበር ያለበት ሰው ነው። ስለ እሱ ክፉ እንዳታስቡ። ያን ቁልፍ ሲያይ ዕንባው ይመጣ ነበር።

«ኤልያስ በቀርሜሎስ ምን አደረገ?» አለ ዶላሞ። «እሳት ከሰማይ አላወረደም?»

«ኤልያስን የላከው እግዚአብሔር ነው» አለ አባቴ። «እኔን የላከኝ ቀበሌ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ዶላሞ ረጋ ብሎ፣ «እምነትህ ካነሰ ንገረንና ሌላ ሰው እንፈልግ» አለው።

አባቴ ይሄን ሲሰማ ፊቱ ላይ ያለፈውን ነገር አየሁት። ያኔ ስሙን አላወቅሁትም። ዛሬ የማውቀው ስላረጀሁ ነው፤ ውርደት ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ወደ ሜዳው እየወረደ በተለካው ቦታ ላይ ሲመላለስ አየሁት። በእግሩ ጣት መሬቱን ይጭራል፣ ጎንበስ ብሎ አፈሩን ያነሣል፣ በመዳፉ ፈርፍሮ ያሸተዋል። እየጸለየ መሰለኝ። እሑድ አዳራሽ ተነሥቶ፣ «እሺ። ግን የምሥራቁን መደብ ስጡኝ» አለ። ውባየሁ ትከሻውን ነቅንቆ ፈቀደለት። ዶላሞ በደስታ፣ «ምሥራቅ! ጌታ የሚመጣበት!» ብሎ ጮኸ።

መጋቢት ላይ ተዘራ። አባቴ በየማለዳው መደቡ ጫፍ ላይ ይንበረከካል፤ እጆቹን ጀርባው ላይ አጣምሮ፤ እንዳይነካ መሆኑ ነው። ማኅበሩ ረቡዕ ረቡዕ ይጾማል። ወደ ትምህርት ቤት የሚያልፉ ልጆች፣ «ጋሽ ሶርሳ፣ በቆሎው ምን አለዎት?» ይላሉ። ያ የሚያስቀው አባቴ መልስ አይሰጣቸውም። አፍሬ ሌላ መንገድ ማዞር ጀመርኩ።

በቆሎው ጉልበቴ ድረስ ሲደርስ ትል ወደቀበት። ውባየሁ የራሱን መደብ መድኃኒት ነፋበት። በእኛ መደብ ላይ ቅጠሉ ወንፊት ወንፊት ይመስል ጀመር። እኛ ቤት ትል ሲወድቅ የሚደረገውን አውቀዋለሁ፤ ከትንሽነቴ ከአባቴ ኋላ ኋላ እየሄድኩ ሠርቼዋለሁ። የእያንዳንዱ በቆሎ ልብ፣ ማለቴ ቅጠሉ የሚፈለቀቅበት መሐሉ ላይ፣ ቁንጥር አመድ ይደረጋል። ትሉ ይሞታል፣ በቆሎው ያገግማል። አባቴ ግን እጁን ጀርባው ላይ አጣምሮ ተንበርክኮ ትሉን ያየዋል።

እኔ አሰብኩ። አመድ ባደርግ ይታወቃል፤ አመድ የሶርሳ ነው። የውባየሁ በቆሎ ወደ ጥቁር የሚያደላ አረንጓዴ የሆነው ማዳበሪያ በሚሉት በዚያ ነጭ ነገር ነው። ነጩ ነገር ደግሞ ዝናብ ሲነካው ይሟሟል፣ ማንም አያየውም። ያ የካድሬው አመድ ነው አልኩ። ከመደቡ አጠገብ ባለችው ቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ጆንያው ተቀምጧል፤ ዘበኛው ደጃፏ ላይ ይውላል።

አንድ ረፋድ ጡሩምባው ጮኸ። ዘበኛው ዱላውን ይዞ ላሞች ሊያባርር ሮጠ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ሰማይ አንጋጧል። እኔ ዳሷ ውስጥ ገባሁ። ጆንያው አፉ ተከፍቷል። ጨው ይመስላል። ቀመስኩት፤ ምላስን ቀዝቀዝ ያደርጋል፣ ከዚያ ይመርራል። ቀሚሴን አጥፌ ሞላሁት። አውሮፕላኑ በላዬ ላይ እያጓራ ሲወርድ እኔ ጎንበስ ብዬ ከበቆሎ ወደ በቆሎ እሄዳለሁ። አባቴ ቁንጥር ነው የሚያደርገው። እኔ እፍኝ እፍኝ አደረግሁ። ቶሎ እንዲያሸንፍ እግዚአብሔርን እያገዝኩት ነበር።

ሌሊት ካፊያ ጣለ። በሦስተኛው ቀን የበቆሎው ልብ ሁሉ ቡናማ ሆነ፤ በአራተኛው ቀን ቅጠሉ በእሳት እንደተለበለበ ተጨማድዶ ወደቀ። ከጎኑ ያለው የውባየሁ መደብ እንዳማረበት ቆሟል። ሰው እየመጣ በዝምታ ያያል። እኔ የሆነውን ለራሴ ተረጎምኩት። እሳት ከሰማይ ወርዷል። ዶላሞ እንዳለው ወርዷል። ግን ሌባ የነካውን አየና በእኛ ላይ ወረደ።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ውባየሁ መጣ፤ ቅዳሜ አልነበረም። እናቴ ያቀረበችለትን ጎደሬ አልነካም። አባቴን ይዞት ወደ ጓሮ ወጣ። እኔ ከግድግዳው ኋላ አልጋ ሥር ገብቻለሁ። ቁርጥራጩ ብቻ ይሰማኛል።

«ጋሽ ሶርሳ... የትንሽ እግር... መናገር እችላለሁ፣ ግን ማን ነው ይሉኛል...»

«ዝም በል።»

«ጸሎት ቤታችሁ መጋዘን ሊሆን...»

«ዝም በል አልኩህ!»

አባቴ ሰውን ዝም በል ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ ድምፁ ወረደ፤ «አንድ ነገር ብቻ። እሑድ ስትናገር አትሳቅብኝ» ሲል ሰማሁ። እኔ የገባኝ ውባየሁ ሊፎክርበት እንደመጣና አባቴ እየለመነው እንደሆነ ነው። ሰይጣኑን ያን ማታ ጠላሁት፤ ውኃ የማቀርብለትን ውባየሁንም ጨምሬ።

እሑድ ከአውራጃ እንግዶች መጡ፤ ሦስት ሰዎች፣ ካኪ የለበሱ። ውባየሁ ተነሣ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ሳይንስ እንዲህ ነው፣ ተፈጥሮ እንዲህ ነው ሲል ቆየ። አንደኛው እንግዳ ሰዓቱን ተመለከተ። ውባየሁ ያን አየ። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«የጓድ ሶርሳ አምላክ በቆሎ አይወድም መሰለኝ፤ እስኪ በጎደሬ ይሞክሩት!» አለ።

እንግዶቹ ሳቁ። እነሱ ሲስቁ አዳራሹ ሳቀ። ያ ከአባቴ ጋር ሲስቅ የከረመው ሕዝብ ነው። እማማ ወለተ ማርያም ብቻ «ኧረ ነውር ነው!» ብለው ተነሥተው ወጡ።

«ጓድ ሶርሳ፣ የምትለው አለህ?»

አባቴ ቆመ። እኔ ልጮኽ ነበር፤ እኔ ነኝ፣ ሰርቄ ነው፣ እሳቱ በእኔ ምክንያት ነው ልል አፌን ከፍቼ ነበር። የእናቴ እጅ ትከሻዬን ጨመቀው፤ ጥፍሯ ገባ። እንዳላለቅስባት መሰለኝ። ቀሚሴን ስታጥብ እጥፋቱ ውስጥ ነጩን ፍሬ አግኝታው ኖሯል፤ ይህንንም የነገረችኝ ስትታመም ነው።

«የምለው የለኝም» አለ አባቴ፤ ተቀመጠ።

በማግስቱ ጸሎት ቤቱ ተከፈተና አግዳሚዎቹ ወጡ፤ በምትኩ ጆንያ ገባበት። ማኅበሩ በድብቅ ዶላሞ ቤት ተሰበሰበ። ልጆችም ነበርን። ዶላሞ መጽሐፉን ገልጦ የአካንን ታሪክ አነበበ፤ ያን የተከለከለውን ሰርቆ ድንኳኑ ውስጥ የቀበረውን፣ በእሱ ምክንያት ሕዝቡ ሁሉ የተሸነፈውን፣ በመጨረሻም ከነልጆቹ በድንጋይ የተወገረውን ሰው።

«በሰፈራችን አካን አለ» አለ ዶላሞ። «እግዚአብሔር ያለ ምክንያት አላቃጠለንም። ማን ነው?»

በሽንቴ ራስኩ። እውነቴን ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ድንጋይ ነው ብዬ በሩን ፈለግሁ። አባቴ ዞር ብሎ አየኝ፤ ቀሚሴ መራሱን አይቶ ወደ ደጅ ሊያወጣኝ ነው አልኩ። ከዚያ ወደ ዶላሞ ዞረ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምን አድርገህ?»

«እሱ በእኔና በጌታ መካከል ይቅር። ግን ልክ ነህ፤ አካን እኔ ነኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲያስተምር አልተፈቀደለትም። መንገድ ላይ ሲያገኙት አንገታቸውን አዙረው ያልፋሉ። ቀበሌው «የተሸነፈው ጴንጤ» ይለዋል፤ ጴንጤዎቹ «ያሸነፈን ኃጢአት» ይሉታል። ገበያ ሲወርድ እንኳ እኔን አያስከትለኝም ነበር። አፍሮብኝ መሰለኝ። ሰው ፊቱን ሲያዞርበት እንዳላይ መሆኑን ማን ይንገረኝ?

ሰባተኛ ክፍል ስደርስ የእርሻ አስተማሪያችን ዩሪያ ስለሚባለው ነጭ ማዳበሪያ አስተማረን። «ሥሩ አካባቢ ራቅ አድርጋችሁ በትኑት። ቅጠሉን ወይም ልቡን ከነካ ያቃጥላል» አለ፤ ጻፉ አለን። «ያቃጥላል» ብዬ ጻፍኩና እጄ ቆመ። ያን ዕለት ነው እሳቱ ከሰማይ ሳይሆን ከቀሚሴ እንደወረደ ያወቅሁት። በዓመቱ ትምህርቴን አቋረጥኩ። ለአባቴ አልነገርኩትም። እሱ የማያውቅ መስሎኝ፣ ካወቀ ይጠላኛል ብዬ።

አሁን ወደ ሰማንያ ሦስት ልውሰዳችሁ። ወይጦ መንገድ ዳር ትንሽ ሻይ ቤት ነበረኝ። ግንቦት ላይ መንግሥት ወደቀ፤ የጭነት መኪናው ሁሉ ወደ ኬንያ ጠረፍ የሚሸሽ ሰው ይዞ ይወርዳል። አንድ ቀትር ላይ ፂሙን የላጨ፣ የሰው ኮት የለበሰ ሰው ከመኪና ወርዶ ሻይ አዘዘ። እኔን ትኩር ብሎ አየኝ።

«የጋሽ ሶርሳ ልጅ ነሽ። አስካለ።»

ውባየሁ መሆኑን ድምፁ ነው የነገረኝ። ሻዩን አስቀመጥኩለት።

«አባትሽ አሁንም ይከራከራል?»

«አይ። ትቷል።»

ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘ። «ያን ሰሞን በቆሎው ሲጠወልግ ማለዳ ቀድሜ ወርጄ ነበር» አለ። «ልቡ ውስጥ ገና ያልሟሟ ፍሬ ነበረ። የባዶ እግርሽ ዱካም ነበረ፣ እንዲህ ትንሽዬ። በእጄ ለቅሜ፣ ዱካውን በቅጠል ጠረግሁት። የመንግሥት ማዳበሪያ ነክቷል ከተባለ አሻጥር ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት ብሎ የሚሰማ የለም፤ አባቷ ላካት ነው የሚባለው። ያን ማታ መጥቼ ለአባትሽ ነገርኩት፤ እሱ ቀድሞ አውቆ ነበር። ዝም በል አለኝ።»

«አትሳቅብኝ ብሎህ ነበር» አልኩት።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ብሎኝ ነበር» አለ። «ሰዎቹ ያዩኝ ነበር። ፈራሁ።» ቀጥሎ ደግሞ፣ «ዱካሽን የጠረግሁት አንቺን ላድን ነው ወይስ እኔ እንዳሸንፍ? ስንት ዓመት አሰብኩት፤ አላውቀውም። ምክንያቱም የአባትሽ መደብ ትል በልቶትም ቢሆን የእኔን ሊደርስበት ነበር። ያ ምሥራቁ ድሮ ከብት የሚያድርበት ቦታ ነበር፤ ውስጡ የሃያ ዓመት እበት ነው። እኔ የእርሻ ሰው ሆኜ አላየሁትም። አባትሽ ግን አይቷል።»

ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰ አላውቅም።

እኔ ሻይ ቤቱን ዘግቼ ጂንካ ገባሁ። ጸሎት ቤቱ በዚያው ሰሞን ተከፍቶ ነበር። ቁልፉን የተረከበው ዶላሞ ነው፤ ሰው እያለቀሰ አቅፎታል። አባቴን ያቀፈው አልነበረም። ከእንሰቱ ሥር ቁጭ ብሎ አገኘሁትና እግሩ ላይ ወደቅሁ።

«አባባ፣ እሑድ ተነሥቼ እናገራለሁ። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ እላለሁ።»

«እኔስ ምን ልበል?» አለኝ። «እበቱን አይቼ መረጥኩ ልበል? ሕዝቡ ሲጾም እኔ በእበቱ ተማምኜ ነው የተንበረከክሁት። አንድም ቀን ለዚያ በቆሎ አልጸለይኩም፤ ይበቅላል ብዬ አውቅ ነበር። ዶላሞ አካን ሲል ልክ ነበር። አንቺ ልጅ ነበርሽ፤ አንቺ ቢያንስ እግዚአብሔር እንዲያሸንፍ ፈልገሻል።»

«እበቱስ የማን ነው አባባ? አዳራሽ ውስጥ መሬቱ፣ ዝናቡ፣ እበቱ ስትል አልነበር? እሱ መጀመሪያም ውስጡ ነው ስትል አልነበር?»

አየኝ። ዓይኑ ውስጥ አንድ ነገር የተንቀሳቀሰ መሰለኝ፤ ያ የድሮው ሳቅ ሊመጣ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁት። አልመጣም።

«ያ ያኔ ነው» አለ።

ይኸውላችሁ፣ ልጆቼ፣ ስንት ዓመት ሳብሰለስለው የገባኝ ይህ ነው። ውባየሁና ዶላሞ በአንድ ነገር ሳያውቁት ተስማምተው ነበር፤ እግዚአብሔር ካለ እበት አያስፈልገውም ብለው። አባቴ ከሁለቱም የተሻለ ያውቅ ነበር። በሁለቱ መሐል ሲያቆሙት ግን የሚያውቀውን አስጣሉት። እምነቱን ካድሬውም በቆሎውም አልወሰዱበትም። ምሥጋናውን ነው የወሰዱበት። ከዚያ በኋላ ምግብ ሲቀርብ ይጸልያል፣ ሲጸልይ ግን እንደሚያመሰግን ሳይሆን በደሉን እንደሚናዘዝ ሰው ነበር።

«አትናገሪ» አለኝ። «ዶላሞ አርጅቷል። ልክ ነበርኩ እንዳለ ይሙት።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሲከለክለኝ ደስ አለኝ። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ መናገር እየቻልኩ፣ ደስ አለኝ። ስምንት ዓመት ደግሞ እንዲሁ ኖረ። ሲቀበር ሰባኪው «እግዚአብሔር የተሰናከለውንም ይቀበላል» አለ፤ እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ሰማሁ። አሁንም ጸሎት ቤቱ ውስጥ ስለ እምነት ሲያስተምሩ «የሶርሳን መደብ አስቡ» ይላሉ። የሚሉት ልጆች ሶርሳን አያውቁትም፤ ክፋት የለባቸውም። እኔም ተነሥቼ አላርምም። ጉልበት አጥቼ አይደለም።

እናንተ ሂዱና ተከራከሩ አልላችሁም። ክርክር ይበቃናል። እንዲሁ አስታውሱልኝ። ያቃጠለችው እኔ ነኝ፤ ዝም ያለው እሱ ነው። እኔ ስሄድ እነዚህን ሁለቱን እንዳትቀላቅሉብኝ፣ ልጆቼ፤ አደራ።